ዝም ያለው ካርድ

ሥራውን የተወ ሰው ብዕር ሲያነሳ ሥራው እንደናፈቀው መጻፍ ግዴታው ይመስላል። ያነበብኳቸው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ። በወጡ በማግስቱ ቢሯቸው ይናፍቃቸዋል፣ አለቃቸው ድንገት ደግ ሰው ሆኖ ይታያቸዋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሻይ ሳይቀር ይጣፍጣቸዋል። እኔን አልናፈቀኝም። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና አሮጌ መጽሐፍ የምሸጥበት ሱቅ ከፍቻለሁ። ስልኬ ሲጠራ ወይ እህቴ ናት፣ ወይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የጠፋበት ወላጅ ነው። ከወልቂጤ ደውሎ «መስመሩ ሞተ» የሚለኝ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ጤና አይቼ አላውቅም።

የቡኢ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በስልክ መስመር ጥገና፣ እንጨት ላይ በመውጣት ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ጥያ ነበር። እንጨት ላይ ሆኜ ቱሪስቶቹ ትክል ድንጋዮቹን ሲዞሩ አያለሁ። ድንጋዮቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፤ ማንም የማይስተው ግልጽ ጎራዴ። ምን ለማለት እንደተቀረጸ ግን ምሁራኑ እስከዛሬ ይከራከራሉ። የማይጠራጠሩት አስጎብኚዎቹ ብቻ ናቸው። ያኔ ነገሬም አላልኩት። ኋላ ግን ሙያዬ ምልክት መሥራት ሆነና እነዚያ ድንጋዮች ብዙ ጊዜ ትዝ አሉኝ። የጠራቢው እጅ ምንም አይወጣለትም። ትርጉሙን ማስቀመጥ ነው የረሳው።

ከጥያ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ማታ ማታ ተምሬ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ ሆንኩ፤ ከዚያም እዚያው ወልቂጤ የኔትወርክ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ገባሁ። ደመወዙ ከመምህርነቱ ይሻል ነበር፤ ስለሱ የምለው ይኸው ነው። የምንሠራውን ለዘመድ ማስረዳት አይመችም። «ኮምፒውተር ትጠግናለህ አይደል?» ይሉኛል፤ አዎ ብዬ አልፋለሁ።

ለአንባቢ ግን ላስረዳ፣ ያን ያህል አይከብድም። መረጃ በኔትወርክ ሲላክ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። ላኪው እሽጉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ቁጥር ደምሮ ድምሩን እላዩ ላይ ይጽፋል። ተቀባዩ እንደገና ይደምራል። ከተስማማ ይቀበላል፤ ካልተስማማ መንገድ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷልና ይጥለዋል፣ ላኪውም ይደግመዋል። ቼክሰም የሚባለው ይህ ድምር ነው። ድሮ የሚደምረው ፕሮግራሙ ራሱ ነበር። በኋላ የኔትወርክ ካርዶች መደመር ቻሉና ፕሮግራሙ ሥራውን ለካርዱ አስረከበ። ካርዱ ያየውን ለፕሮግራሙ የሚነግረው ፍላግ በምንላት አንዲት ትንሽ ምልክት ነው። የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ቆሞ ምልክቷን ማስተላለፍ ነበር። አስተርጓሚነት በሉት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ከድር ናቸው። የቡታጅራ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ታላቄ፤ በስልክ ማዞሪያ ዘመን ጀምረው ፕሮግራም ጻፊ እስከመሆን የደረሱ። የሚገርም ልማድ ነበራቸው። የጻፍከውን ፕሮግራም መስመር በመስመር ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ የምስክር ቃል። «ይህ ይላል... ያ ደግሞ ይላል...» ይላሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ይቆሙና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፋሉ። «ማን አለ?» እርስዎ አሉ፣ እኔ አልኩ፣ የካርዱ ማኑዋል አለ፤ አንድ ባለቤት ካላገኙ አያልፉም። ወጣቶቹ «ጋሽ ማን አለ» ይሏቸው ነበር፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ይኸው ልማድ ምሳ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ ሥጋ ቤት በሩ ላይ ወይ መስቀል አለው ወይ ጨረቃ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አንዳንድ አዲስ የተከፈተ ቤት ግን ባለቤቱ ሁለቱንም ደንበኛ ላለማጣት ሲል ምንም ሳይሰቅል ይቀመጣል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲያይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ባለቤቱን አውቀዋለሁ፣ የእኛ ነው» ብሎ ገምቶ ይገባል፣ ወይ ተጠራጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ጋሽ ከድር ሁለቱንም አያደርጉም። ገብተው ይቀመጡና አስተናጋጁን፣ «የኔ ልጅ፣ ሥጋው የማን ነው?» ይላሉ። ልጁ ካቅማማ «ሂድ ጠይቀህ ና» ይሉታል። እኔ ደግሞ ክርስቲያን ስለሆንኩ አብረን ስንበላ አንዳችን መጾማችን አይቀርም ነበር። መፍትሔያችን ከዝዋይ የሚመጣው ዓሣ ነው። «ዓሣ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም» ይላሉ፣ እሾሁን እየለቀሙ።

አለቃችን መኮንን እኩያዬ ነው፤ ኢንጂነር መኮንን እንለዋለን፣ ማዕረጉ ሲቀርበት ደስ አይለውም። ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ፍጥነት መውደዱ ነው። አዲሶቹን ካርዶች ያስመጣው እሱ ነው፤ ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን ለደንበኞቹ እየዞረ አወራ። ከካርዶቹ ጋር አብሮ የመጣው አሠራር አንዲት ምልክት ብቻ ነበረችው፦ «ተበላሽቷል»። ካርዱ ስህተት ካገኘ ምልክቷን ያበራል። ካላበራ ፓኬቱ ያልፋል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይሠራ ነበርና እኛም ተቀበልነው።

አንድ ቀን ሰብለ የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ከቡታጅራ በሚኒባስ መጥታ ቢሯችን ገባች። የምትሠራው ቡታጅራና ወልቂጤ ቅርንጫፍ ባለው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ደም የሚመረመረው ቡታጅራ ነው፤ ሐኪሙ ያለው ወልቂጤ። ውጤቱ የሚሄደው በእኛ ሶፍትዌር በኩል ነበር። ሳትቀመጥ ነገሩን አወጣችው።

«እናንተ ናችሁ መስመሩን የምትሠሩት?»

«እኛ ነን» አልኳት።

«እንግዲያው እኔን ከሥራ ልታስወጡኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቡኢ ሹፌር የደም ስኳሩን ተመርምሮ 101 ይወጣል፤ ምንም የለበትም። ወልቂጤ ያለው ሐኪም ስክሪን ላይ ግን 181 ሆኖ ይነበባል። ሹፌሩ ስኳር አለብህ ተባለ። ለሳምንታት ሻዩን መራራ ሲጠጣ ከረመና ሌላ ቦታ ቢመረመር ደህና ነህ ይሉታል። መኪናውን ክሊኒኩ በር ላይ አቁሞ፣ «የስኳር በሽተኛ ያደረገችኝ የቷ ናት?» እያለ ገባ። ሲጣራ የሌሎች በሽተኞችም ውጤት እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። የሰብለ ስክሪን ትክክለኛውን ያሳያል፣ የወልቂጤው የተሳሳተውን። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ ሐሳባቸውን ወዲያው ጨረሱ፤ ስትልክ ተሳስታለች፣ ስትነቃ የራሷን ብቻ አርማ ሸፍናለች። ከሥራ አገዷት። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ጥፋተኛ ካላት ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የሙያ ፈቃዷም ጭምር ነው።

«ማሽን አይሳሳትም አሉኝ» አለች።

«ማን አለ?» አሉ ጋሽ ከድር ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

የተሳሳቱትን ውጤቶች አስደርድረን አየናቸው። በዜሮ ፈንታ ስምንት፣ በአንድ ፈንታ ዘጠኝ። ሁልጊዜ መካከለኛው አኃዝ። አንደኛው ላይ ደግሞ በሁለት ፈንታ ኮለን፣ ያ ሁለት ነጥቡ ምልክት፣ ገብቷል፤ ቁጥር መካከል ኮለን።

ጋሽ ከድር ኪቦርዱን ወደሷ ገፉት። «አንድ የትኛው ነው? ዘጠኝስ?» ጣቷን አሳየች፤ አንዱ ወዲህ ጫፍ፣ ሌላው ወዲያ ጫፍ። «የሰው ጣት ሲስት ጎረቤት ነው የሚገባው» አሉ። «እንዲህ አገር አቋርጦ አይሄድም።»

ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ በዜሮ ወይም በአንድ የተሞሉ የስምንት ቦታዎች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዷ ቦታ ቢት ትባላለች። የዜሮና የስምንት ሰልፍ የሚለያየው አንዲት ቦታ ላይ ነው። የአንድና የዘጠኝም እዚያችው ቦታ ላይ። የሁለትና የኮለንም እንዲሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ተራራ ላይ ቆሞ መረጃውን ተቀብሎ የሚያሳልፈው የሬዲዮ ማቀበያ ውስጥ አንዲት የማስታወሻ ቅንጣት ደርቃ፣ እሷ ላይ ካረፈው እሽግ ያችኑ ቦታ ወደ አንድ ትለውጥ ነበር፤ እሷን ያልነካ እሽግ ደህና ያልፋል። ምናልባት ከድሮ ጀምሮ ታደርገው ይሆናል። ድሮ ግን ፕሮግራማችን ራሱ እየደመረ ይይዛት ነበር። አሁን የሚደምረው ካርዱ ነው። ታዲያ ካርዱ ለምን አልያዛትም?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ፕሮግራሙ ተመለስን። የክሊኒኩ ፓኬቶች ከሌላው እንዲለዩ ተጨማሪ መለያ ተለጥፎባቸዋል። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን ገፉ።

«ካርዱ ስለነዚህ ፓኬቶች ምን አለ?»

«ደህና ናቸው አለ» አልኩ።

«አለ?»

«ተበላሽተዋል አላለም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም፣ አንተ የቡኢ ሰው። ደህና ናቸው አለ ወይ?»

ማኑዋሉን አወጣን። ካርዱ ያ መለያ የተለጠፈበት ፓኬት ሲመጣበት ከነጭራሹ አይደምርም። አይቶ ዝም ይላል። ፕሮግራማችን ዝምታውን ምስክርነት አድርጎ ይወስደዋል። በሩ ላይ ጨረቃ የለም፣ ስለዚህ መስቀል ነው፤ ግባና ብላ።

እዚህ ላይ ብንቆምና ብናስብ ኖሮ በተረፍን። ግን መኮንን ደነገጠ። የደነገጠ አለቃ ጥብቅ ይሆናል። «ከዛሬ ጀምሮ ደህና ነው ያልተባለ አይለፍ» አለ። «ደህና» የምትል ሌላ ምልክት ጨመርን። ካርዱ እሷን ያላበራለትን ፓኬት ሁሉ ፕሮግራሙ እንዲጥል አደረግን። ጋሽ ከድር ያን ሳምንት ልጃቸውን ሊድሩ ፈቃድ ላይ ነበሩ። መኮንን አልጠበቃቸውም፤ ኮሚቴው ፊት ማስተካከያውን እናሳያለን ብሎ አቶ ደምሴን ቀጠረ።

ቡታጅራ፣ የአቶ ደምሴ ቢሮ። የኮሚቴው ሰዎች ተደርድረዋል፣ ሰብለ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። መኮንን ስለ ፍጥነትና ስለ ደህንነት ተናገረ። አንድ የሙከራ ውጤት ተላከ። አቶ ደምሴ ወልቂጤ ደውለው ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ስንት ይላል?»

«ምንም አይልም» አለ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው።

«ደግመህ እየው።»

«ኧረ ባዶ ነው። ቅድም ሌላው ውጤት ይመጣ ነበር፤ አሁን እሱም ቀጥ አለ።»

ነገሩ ግልጽ ነው። ካርዱ የክሊኒኩን ፓኬቶች አይደምርም ብለናል። ስለዚህ ለአንዳቸውም «ደህና» አይልም። ስለዚህ ሁሉንም ጣልናቸው። አቶ ደምሴ ስልኩን ቀስ ብለው ዘጉ። «ድሮ የተሳሳተ ይመጣ ነበር። አሁን ምንም አይመጣም። ጥገና የምትሉት ይህን ነው?» አሉ። ከዚያም ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ዕቃ አያውቁትም። እኔ በእነሱ ቃል ላይ ሠራተኛ ነፃ አላወጣም።»

በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከፋ ቀን የለም። ወድቆ ማፈሩ ቀላሉ ነው። ምስክር ልንሆንላት ሄደን የምስክርነታችንን ዋጋ አጥፍተን መጣን። ስንወጣ ሰብለ በሩ ላይ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ልትረዱኝ ስትመጡ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ልቅር» አለችኝ።

ጋሽ ከድር ከሠርጉ ሲመለሱ ሁሉን ሰሙ። እስቃለሁ ብለው ጀምረው ተዉት።

«ኢንጂነር፣ በሩ ላይ ምንም ያልሰቀለ ሥጋ ቤት ስታይ ምን ታደርጋለህ?»

«አልገባም» አለ መኮንን።

«ከተማው ውስጥ ያለው ሥጋ ቤት ሁሉ ያልሰቀለ ቢሆንስ?»

«እራባለሁ።»

«ክሊኒኩን ያስራብከው እንደዚህ ነው። በፊት ሳንጠይቅ በላን። አሁን ሳንጠይቅ ተራብን። በመካከል መጠየቅ የሚባል ነገር የለም?»

ስለ ዕውቀትና ስለ ጥርጣሬ የተጻፉ ወፋፍራም መጽሐፎች አንብቤያለሁ፤ ሱቄ ውስጥም አሉ፣ የሚገዛቸው የለም እንጂ። ጸሐፊዎቹ የሚከፈሉት ወደ አማኝና ወደ ተጠራጣሪ ነው። ሁለቱም ወገን አንድ ስንፍና እንደሚጋራ ያየሁት በዚያች ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ሁለቱም ሄደው አያዩም።

ምልክቶቹን እንደገና ሠራናቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ ስማቸው በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ ስንነጋገር የምንጠራቸውን ልጻፍ። የመጀመሪያው «አልታየም» ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይደምር። ሁለተኛው «ተበላሽቷል»፤ ይጣል። ሦስተኛው «ደህና ነው»፤ ይለፍ። ከሁሉ ይበልጥ የተከራከርነው ምንም ምልክት ሳይበራ ሲቀር ምን ይባል በሚለው ላይ ነበር። ጋሽ ከድር ባዶው «አልታየም» ይሁን አሉ፣ አልተነቃነቁም። ነገ ሌላ ካርድ ይመጣል፣ ሌላ ሰው አስተርጓሚውን ይጽፋል፣ ምልክቱን ማብራት ይረሳል። ሲረሳ የሚጎዳው ፍጥነት ይሁን፤ ሰው አይሁን።

መኮንን አንዲት ቢት ይበቃ ለነበረ ነገር ሁለት ቢት መያዛችንን አልወደደውም። «ቦታ ማባከን ነው» አለ።

«አንድ ቢት ቆጥበን አንዲት ሴት አሳገድን» አሉ ጋሽ ከድር።

ሁለት ቢት አራት ነገር ይይዛልና አንድ ተረፈን። እሱም ባለቤት አገኘ። በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች ፓኬት ሲለዋወጡ ድምሩን ማንም አይጽፍም፤ ፓኬቱ ከቤት አልወጣም፣ መንገድ ላይ የሚያበላሸው የለም። ድምሩን ብታየው የተሳሳተ ነው፣ ይዘቱ ግን ምንም አልሆነ። ይህ የት ይግባ ተባለ። «ተበላሽቷል» ቢባል ሐሰት ነው፣ «ደህና ነው» ቢባልም ማንም አልደመረው።

«ዓሣ ነዋ» አሉ ጋሽ ከድር። አራተኛው ምልክት በሰነዱ ላይ ሌላ ስም አለው፤ በቢሯችን ግን እስክወጣ ድረስ ዓሣ ነበር።

የሚወጡትን ፓኬቶች ምልክትም አብረን ለየን። ወደ ካርዱ የሚሄደው «ደምርልኝ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ከካርዱ የሚመጣው ምስክርነት ነው። ቀድሞ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ ነበርና ማዘዛችንን እንደ መፈጸሙ የምንቆጥርበት ጊዜ ነበር። ስማቸውን አለያየነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራባት ግን እሷ ናት።

ሁለተኛ ጊዜ ኮሚቴው ፊት ስንቀርብ መኮንን ንግግር አላደረገም። የተናገሩት ጋሽ ከድር ናቸው፤ ስለ ካርድም ስለ ድምርም ሳይሆን ስለ ሥጋ ቤት። ከኮሚቴው ሰዎች ግማሹ መስቀል ያለበት ቤት የሚበሉ፣ ግማሹ ጨረቃ ያለበት ቤት ነበሩ፤ ማስረዳት አላስፈለገም። አንደኛው አዛውንት ብቻ ጠየቁ።

«ታዲያ ይህ ካርድ የምትሉት ሲጠየቅ ዝም ይላል ማለት ነው?»

«አልተጠየቀም፣ አባቴ» አሉ ጋሽ ከድር። «ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።»

ከዚያ የደረቀችው ቅንጣት እዚያው ማቀበያው ውስጥ እያለች ውጤት ተላከ። ፕሮግራሙ ራሱ ደመረ፣ የተበላሸውን ጣለ፣ ላኪው ደገመ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። «101» አለ የወልቂጤው ሰው። ደግመን ላክን። «101 ነው አልኳችሁ እኮ» አለ። ማቀበያውም በዚያው ሳምንት ተቀየረ።

አቶ ደምሴ ደብዳቤውን እዚያው አስጻፉ፤ እዚህ ላይ አልዋሽባቸውም፣ ፈጣን ነበሩ። ለሰብለ ሰጧት። አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አሉ።

«"ጥፋት አልተገኘባትም" ይላል።»

«አዎ። ነፃ ነሽ ማለት ነው።»

«አይደለም፣ አቶ ደምሴ። ይህን ያነበበ ሰው ተፈልጎ ታጣ እንዴ፣ ወይስ ጭራሽ አልተፈለገም ይላል። እኔ ታይቻለሁ። ታይቼ ትክክል ነኝ። እሱ ይጻፍልኝ።»

ጋሽ ከድር መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ያዩዋት ጀመር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጓት የኖሩትን ተማሪ እንዳገኙ። አቶ ደምሴ ጸሐፊዋን ጠሩ። አዲሱ ደብዳቤ፣ የላከቻቸው ውጤቶች ተመርምረው ሁሉም ትክክል ሆነው መገኘታቸውን ይላል። ሰብለ ሁለት ጊዜ አንብባ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ብቻ ወንበሩ ላይ ደገፍ ስትል አየኋት።

እኔንና ጋሽ ከድርን ምሳ ልጋብዛችሁ አለች። መናኸሪያው አካባቢ አዲስ የተከፈተ ቤት ገባን። በሩ ላይ መስቀልም ጨረቃም የለም። ተቀመጥን። አስተናጋጁ መጣ። ጋሽ ከድር አፋቸውን ሲከፍቱ ሰብለ ቀደመቻቸው።

«ሥጋው የማን ነው?» አለችው።

ልጁ ሦስታችንንም በየተራ አየን። «እትዬ፣ ይህ እኮ ዓሣ ቤት ነው» አለ።